ሰሜን በኩል ያፈሳል

በኢስቶኒያ ጠረፍ፣ ከባልቲክ ባሕር ላይ
ደሴት አለች ጠባብ፣ ከሩቅ የማትታይ።
እዚያ ማማ አለ፣ መርከብ ያሻገረ፣
መብራቱ ከጠፋ ዘመን ያስቆጠረ።
ጠባቂዋ ሄልቬ፣ የሒሳብ መምህርት፣
ሰባ ሦስት ዓመቷ፣ ያለባት ቁርጥማት።

ሁለት ዩሮ ከፍሎ ደረጃ ለወጣ፣
ባሕሩን አይቶት ተንፍሶ ለመጣ፣
ከበሩ አጠገብ፣ ከመስኮቱ በታች
መዝገብ አኑራለት፣ «ጻፍበት» ትላለች።

መዝገቡ ደግ ነበር።
«ደረጃው ዘጠና ሰባት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ» ያለ ልጅ አለ፤
ከሥሩ ሌላ ልጅ «ዘጠና ስምንት» ብሎ አርሞታል።
ከሪጋ የመጡ ሙሽሮች ስማቸውን አቆላልፈው ጽፈዋል።
አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ «አባቴ ጀልባ የተሳፈረው ከዚህ ነው»፤
ቀን የለው፣ ፊርማ የለው።
ሌላውን ገጽ በዓይኗ ታነባለች፣ ይህን በጣቷ።

ከዚያ እነዚያ መጡ።
ሲጽፉ አይታ አታውቅም፤ ጽፈው ታገኛለች።
«ብድር ባንድ ጀምበር! ዋስ አያስፈልግም!»
«ራሰ በራ ነህ? ጸጉር በሦስት ሳምንት!»
«እንዴት ያለ ግሩም ማማ ነው! እጅግ ተደስቻለሁ።
ርካሽ ጎማ ከፈለጉ…»
ማማው ጎማ የለውም።

እንግዳ ነኝ ብሎ ከደጃፍ የቆመ፣
መደቡን ለምኖ አልጋ ላይ ተጋደመ።
ሐምሌ ሲያልቅ ከአሥር ገጽ የሰው የሆነው አንዱ ነበር።

መጀመሪያ ቀደደች፤ ባዶ ገጽ ቶሎ ደረሰላቸው።
ቀጥላ እስክሪብቶውን በሲባጎ አሰረች፤
ማኅተም ይዘው መጡ፣ እየረገጡ አለፉ።
ቀጥላ፣ መምህርት ናትና፣ ግድግዳው ላይ ጥያቄ ለጠፈች፦
«ከመጻፍዎ በፊት፤ ሰባት ሲደመር ዘጠኝ ስንት ነው?»
ጎማ ሻጩ መለሰ። ልክ ነው፣ አሥራ ስድስት።
አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ግን
ጣቶቿ አልበቃ ብለዋት እናቷን ጎትታ ወጣች።
ያን ማታ ወረቀቱን ነቀለችው።

መዝገቡን ጓዳ አስገባች። በቦታው
የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የተበሳ።
«በቁራጭ ጻፉልኝ፣ ሲመሽ አነባለሁ፤
የሰውን ከመዝገብ፣ የቀረውን ከእሳት።»

ማታ ማታ ታዲያ መነጽሯን ሰክታ
ታበጥራለች እሷ፣ ቆርቆሮውን ከፍታ።
ብድሩም ነደደ፣ ጸጉሩም ነደደ፣
ጎማው ሳይሸት እንኳ ጭስ ሆኖ ሄደ።
«ቤቴ እንዲህ ሞቆ አያውቅም» አለችኝ፣
ፖስታ አድራሽ ነኝና ሻይ አፍልታ ሰጥታኝ።

በነሐሴ አንድ ማታ፦
«ጣሪያ እጠግናለሁ። ካልዩ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር።
አላመነታችም። እጅ ከለመደ ዓይን ያርፋል።
ወረቀቱ ጥጉ ሲጠቀለል፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አየች፤
በመቆስቆሻው ጎትታ በጫማዋ ረገጠችው።
የተረፈው ይህ ነው፤ አሳይታኛለች፦
«…ገንዘብ አልፈልግም… ሰባት ጊዜ ስምንትን ያስተማ…
…ሰሜን በኩል ያፈሳል።»
ከስልኩ ሦስት ቁጥር።

ካልዩ። ከኋላ ወንበር፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣
ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ወለል የሚመለከት።
ወይስ ያኛው ካልዩ? ሁለት ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ፣ ከሰሜን።
ጠብ። ከመዝገቡ ጓዳ። ጠብ።
መዝገቡን በሹራቧ ጠቅልላ አልጋዋ ላይ አስተኛች፤
ቆርቆሮውን አምጥታ ከጠብታው ሥር አኖረች።
ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ ሰማችው፤
አንድም ቃል የለበት፣ የሚጣልም የለው።

ጠዋት ፖስታ ይዤ ስደርስ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር፣
በዚያ በሰሌዳ ፊት በኖረ እጅ ጽሕፈት፦
«ካልዩ ሆይ፤ ወረቀትህን አቃጥዬዋለሁ።
ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጥርህን ድገምልኝ።
መልሱ ሃምሳ ስድስት ነው፤ ታስታውሳለህ?»

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ
ከሥሩ አንድ ሰው ጽፎበታል፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል።
ጎንበስ አለች፣ አልታያትም።
«ቆይ፣ አታንብብልኝ» ብላኝ
መነጽሯን ፍለጋ ገባች።